ዕቅዱ ከመዘጋቱ በፊት፦ ታላላቅ ግንባታዎችና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀበሌዎች

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ላይ ዛሬ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የህዳሴ ግድብ ውሃ ተኝቷል። ስፋቱ ከጣና ሐይቅ ግማሽ ይበልጣል። «ንጋት» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ዓሣ ይሰገርበታል፣ ጀልባ ይሄድበታል፣ የቱሪዝም ዕቅድም ተወጥኖለታል። ውሃው ከመተኛቱ በፊት ግን ሸለቆው ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ማሽላ የሚዘሩበት፣ ወንዙ ሲጎድል እርጥቡን ዳር ቆፍረው የሚያለሙበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ ከአሸዋው ወርቅ የሚያጥቡበት፣ ከደኑ ማርና ሥራሥር የሚያገኙበት፣ ሙታናቸውን የሚቀብሩበት አገር ነበር።

አንድን አካባቢ ከሥሩ የሚነቅል ታላቅ ግንባታ ሲታሰብ የአካባቢው ነዋሪ ወደ ዕቅዱ የሚገባው መቼ ነው? «ነዋሪው ተወያይቷል ወይስ አልተወያየም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። ስብሰባ ሳይጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ፣ ፊርማ ሳይሰበሰብ የተጀመረ ፕሮጀክት ማግኘት ያስቸግራልና። ልዩነቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ከዕቅዱ በፊት የተጠየቀ ሰው ዕቅዱን መለወጥ ይችላል። ካለቀ በኋላ የተጠየቀ ሰው የሚቀርለት የመነሻውን ቀን መስማት ነው። በክልሉ ባለፉት አርባ ዓመታት የተካሄዱትን ታላላቅ ሥራዎች ስመረምር ደጋግሜ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ነዋሪው የሚጠራው መሐንዲሱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ይህን ስጽፍ በህዳሴ ግድብ ከሚኮሩት አንዱ ሆኜ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩን ሲያስቀምጡ፣ አገሪቱ በራሷ ገንዘብ እንዲህ ያለ ሥራ ትጨርሳለች ብሎ ያመነ የውጭ ታዛቢ ጥቂት ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 145 ሜትር ከፍታ፣ 1,780 ሜትር ርዝመት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ፣ 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ጡረተኛው ቦንድ ገዝቷል፣ ተማሪው የምሳውን አዋጥቷል፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቷል። ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተጠየቀው ገንዘብ ነው። ከሸለቆው ነዋሪ የተጠየቀው ግን ቀዬው ነው። የሰጠው ከሁሉ የሚበልጥ ከሆነ፣ አሰጣጡ ላይ የነበረው ድምፅም ከሁሉ የሚበልጥ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

የግድቡ ቦታ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. አይደለም። የዓባይን ሸለቆ ያጠኑት የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ባለሙያዎች በድንበሩ አቅራቢያ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል ያመለከቱበትን ጥናት ያቀረቡት በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ መሠረት ድንጋዩ 47 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ ጥናቱም ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲዘዋወር ኖሯል። በመጨረሻ ሥራው «ፕሮጀክት ኤክስ» በሚል ስም በምስጢር ተይዞ ቆየና፣ ለሕዝብ በተገለጠ በቀናት ውስጥ ድንጋዩ ተጣለ። ምስጢሩ ምክንያት ነበረው። ግብፅ አስቀድማ ብታውቅ ገንዘቡንም ተቋራጩንም ልታሰናክል ትችል ነበር፤ ከዚያ በፊት በሌሎች ዕቅዶች ላይ የሆነውን ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ ይረዳዋል። ሆኖም ምስጢር ከባዕድ ብቻ አይጠብቅም። በጉባ መንደሮች የሚኖረው ሰውም የዜናውን መሠረታዊ ክፍል የሰማው ከካይሮ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የባሰ ነው። ለሱዳንና ለግብፅ ሥጋት መልስ ለመስጠት ከሦስቱ አገሮች ሁለት ሁለት፣ ከሌላው ዓለም አራት፣ በድምሩ አሥር ባለሙያዎች ያሉት ዓለም አቀፍ ቡድን ተቋቁሞ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ሪፖርቱን አቀረበ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ተፈረመ። ጉዳዩ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ጉዳታቸውን የሚያሰሉላቸው ባለሙያዎች፣ ክርክራቸውን የሚያቀርቡላቸው ጠበቆችና ዲፕሎማቶች ነበሯቸው። በግድቡ ምክንያት የሚነሱት ነዋሪዎች በብዙ ጽሑፎች 20 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይጠቀሳል። ለእነርሱ የቆመ፣ ስሙ ሊጠራ የሚችል ቡድን ግን አልነበረም። ስለ ዓባይ ውሃ በታተመው ብዙ ሺህ ገጽ ውስጥ ስለ ጉባ ነዋሪዎች የተጻፈውን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኛውም የመመረቂያ ጥናት ነው።

ነዋሪውን ቀድሞ መጠየቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የጉሙዝን አኗኗር ጠጋ ብሎ ይመልከት። የጉሙዝ ገበሬ አንድን መሬት መንጥሮ ጥቂት ዓመት ያርሳል፤ ከዚያ ያሳርፈዋል፤ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ዓመታት ቆይቶ ይመለስበታል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ገማች ያረፈው መሬት ባለቤት አልባ ጫካ ነው። ለባለመሬቱ ግን ጎተራው ነው፤ የትኛው ጎሳ የትኛውን ቁራጭ እንደሚመለስበት ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። ካሳ ገማቹ ቤት ይቆጥራል፣ የተተከለ ዛፍ ይቆጥራል፣ የቆመ ሰብል ይቆጥራል። በበጋ ቤተሰቡን የሚያበላው የወንዝ ዓሣ፣ ጨውና ልብስ የሚገዛበት ወርቅ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የዱር ዛፍ፣ በችግር ዓመት የሚቆፈረው ሥራሥር ከቅጹ ላይ ቦታ የላቸውም። እነዚህ ደግሞ አብዛኞቹ በሴቶች እጅ ያሉ ናቸው። በጉሙዝ ቤት ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸከማለች፣ ወርቅ ታጥባለች፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የአባወራው ስም ነው። ስለዚህ ነዋሪው ካልተጠየቀ የሚጎድለው ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ኪሳራውን በትክክል ለማስላት የሚያስፈልገው ዕውቀትም አብሮ ይጎድላል።

ክልሉ ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋና ከደቡብ ያነሣቸውን ገበሬዎች ወደ መተከል አወረደ። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረና በበለስ ሸለቆ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሰፈረ። ዋናው ተቋራጭ ሳሊኒ ነበር፤ ኋላ ህዳሴን የገነባው ያው ኩባንያ። ደጋውን ለቅቆ የመጣው ሰፋሪም ሳይወድ የተጫነ ነበር፤ በወባ ያለቀው ብዙ ነው። ሸለቆው ውስጥ የነበረው ጉሙዝ ደግሞ መሬቱ ሲታረስ ዳር ዳሩን ተገፋ። ወልደሥላሴ አቡቴ በጉሙዝና በደጋ ሰፋሪዎች ላይ የሠራው ጥናት ይህን ታሪክ ከሁሉ በተሻለ ያስረዳል። ሁለት ሕዝቦች ማንም ሳይጠይቃቸው ጎረቤት ተደረጉ፤ የድንበር ጠባቸውን እንዲፈቱ ደግሞ ለራሳቸው ተተዉ።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቃል። ይህ ማለት ከታች በመተከል በኩል በበጋ በእግር ይሻገሩት የነበረው ወንዝ ባሕርዩን ቀየረ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ በጃዊ፣ በዳንጉርና በፓዊ 75 ሺህ ሄክታር አገዳ ሊተከልበት የታሰበው የስኳር ፕሮጀክት መጣ፤ ለእርሻ ባለሀብቶች የሚተላለፈው መሬትም ሰፋ። በተመሳሳይ ዓመታት መንግሥት በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋርና በሶማሌ 1.5 ሚሊዮን ሰው በመንደር ለማሰባሰብ አቀደ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የውሃ ጉድጓድ ለማቅረብ ተበታትኖ የሚኖረውን ሰው ማቀራረብ ያስፈልጋል የሚለው ምክንያት ውኃ የሚያነሣ አይደለም አልልም። ነገር ግን አንድ የጉሙዝ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ በሰፈራው፣ በስኳሩ፣ በመንደር ማሰባሰቡና በግድቡ ሊነካ ይችል ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ፕሮጀክት ብቻ አይቶ አነስተኛ ተፅዕኖ ብሎ ይጽፋል። አራቱን ደምሮ የሚያውቀው ነዋሪው ነው፤ ደምሮ እንዲናገር የተሰጠው መድረክ ግን አልነበረም።

ሕጉ ደካማ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍና በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ እንደሚያገኝ ያዛል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዝግጅትም ሆነ አፈጻጸም አስተያየቱን እንዲሰጥ ይላል። የክልሉ ሕገ መንግሥትም በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ይጠራቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል?

ችግሩ ወደ ዝርዝር ሕጎቹ ስንወርድ ይገለጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሕዝቡን የሚያስገባው ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ ነው፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይቀርባል፣ አስተያየት ይጠየቅበታል። ሪፖርቱ የሚጻፍበትን ቋንቋና የገጹን ብዛት ለሚያውቅ ሰው፣ በጉባ ወይም በሸርቆሌ ቀበሌ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ተነሺው የሚያውቀው የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ሲደርሰው እንዲሆን አደረገ፤ ግድቡ የተጀመረው በዚህ ሕግ ዘመን ነው። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በእውነት የተሻለ ነው። ካሳውን ከአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ወደ ሦስት ዓመት ከፍተኛ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው፤ ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ አሰበ፤ ተነሺዎችን ከርክክቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማወያየትን ግዴታ አደረገ። ግን ውይይቱ ስለ ምን ነው? ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት። ፕሮጀክቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ በሌላ መልክ ሊሠራ ይችል እንደሆነ የመጠየቅ በር የለም። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ደግሞ ዓመቱም ሊያጥር ይችላል። በዚህች አገር አስቸኳይ ያልተባለ ታላቅ ፕሮጀክት አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የካሳውን ሸክም ወደ ክልሎች አዙሯል፤ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለ የገቢ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ክልል ለፌዴራል ሥራ የሚነሣውን ሕዝቡን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ካሳው ራሱ እንኳ ለጉሙዝ ኑሮ አይመጥንም። «ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ» የሚሰላው ከሚሸጥ ምርት ነው። ምርቱን ቤቱ የሚበላ፣ የተረፈውን ለዘመድ የሚያካፍል ሰው ገቢው በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ አሥራ አምስት እጥፉም ትንሽ ነው። በጥሬ ገንዘብ የመኖር ልምድ ላልነበረው ቤት በአንድ ጊዜ የሚመጣ ብር ደግሞ ዓመት አይሻገርም።

የስብሰባውን ነገር በአገራችን የገጠር ቀበሌ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከወረዳ ኃላፊዎች ይመጣሉ፤ ከፌዴራል ባለሙያ ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ይዘረዘራል። ነዋሪው ስለ ውሃ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ካሳ ይጠይቃል። መልሱ «ወደፊት ይታያል» ነው። ቃለ ጉባኤው ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ እንደደገፈ ይዘጋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ጉሙዝኛ ወይም በርታ ብቻ የሚናገሩ አዛውንቶች የሰሙት የአስተርጓሚውን ማጠቃለያ ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የወረዳው ሠራተኛ ነው። በአለቃው ፊት ተቃውሞን በሙሉ ቃሉ መልሶ የሚናገር የወረዳ ሠራተኛ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ቃለ ጉባኤ የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሕዝቡ ስለተናገረ በዕቅዱ ላይ ምን ተለወጠ? አንድ መንገድ ተጠመዘዘ? አንድ መቃብር ታለፈ? የመነሻው ቀን ከአዝመራ በኋላ ሆነ? መልሱ «ምንም» ከሆነ የተካሄደው ማሳወቅ ነው።

ጎረቤቶቻችንም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም። ከካማሺ ማዶ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫ ግድብ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሞላ ከ3 ሺህ በላይ አባወራዎች ተነሡ፤ ዛሬም ድረስ የልጅ ልጆቻቸው በተራቆተ ተዳፋት ላይ ያርሳሉ። በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ አንድ ወደ አሥር ሺህ ሰው ሲያነሣ የዓለም ባንክ መመሪያ ስለነበረበት ቤትና መሬት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እዚያም የሰፈራ ቦታው መሬት ጥበትና ከነባሩ ሕዝብ ጋር የመጣው ግጭት የጥናቶች ርዕስ ሆኗል። ጊቤ ሦስት በ1998 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ የተፅዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከግድብ ውጪም በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተቀሰቀሰበትን ተቃውሞ እናስታውስ። የብዙ ወጣት ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ በአንድ ዓመት ውይይት ሊስተካከል የሚችለው ነገር በደም ቆመ።

ከሁሉ ይበልጥ ልንማርበት የሚገባው ግን በዚያው በዓባይ ውሃ ላይ ያለው የሱዳን ልምድ ነው። አስዋን ግድብ ሲሠራ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የሱዳን ኑቢያውያን ከዋዲ ሐልፋ መነሣት ነበረባቸው። መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው አማራጭ ቦታዎችን ዞሮ አየ፤ ምርጫውንም ነገረ። የጄኔራል ዓቡድ መንግሥት ግን ከምርጫቸው ውጪ በአትባራ ወንዝ ላይ ያለውን ኻሽም ኤል ጊርባን ወሰነ። በ1953 ዓ.ም. ሐልፋ በሰልፍ ተናወጠች። ያኔ የወረዳው አስተዳዳሪ የነበረው ሐሰን ደፍዓላህ መዓቱን በዓይኑ አይቶ መጽሐፍ ጽፎለታል። ይህ ታሪክ የሚያስተምረው መጠየቁ ራሱ በቂ እንዳልሆነ ነው። ጠይቆ መልሱን መጣል ካለመጠየቅ የበለጠ ያስቆጣል።

በዚያው በሱዳን በ2001 ዓ.ም. የተመረቀው የመረዌ ግድብ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አነሣ። ከተነሺዎቹ መካከል የመናሲር ሰዎች ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ግድቡን አልተቃወሙም፤ ወደ በረሃ ከምትወስዱን በሚፈጠረው ሐይቅ ዳር አስፍሩን አሉ። አልተሰማም። ውሃው ሰዎቹ ገና ሳይወጡ ወደ መንደሮቹ ገባ። ብዙዎች ግን በሐይቁ ዳር ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በዛምቤዚ ላይ ያለው ካሪባ በ1950 ዓ.ም. ገደማ 57 ሺህ ያህል የጓምቤ ቶንጋ ሰዎችን ሲያፈናቅል በተነሣው ግጭት ስምንት ሰዎች ተገደሉ። ሆኖም በዛምቢያ በኩል አንድ መልካም ነገር ተደረገ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሐይቁ ዓሣ ለተነሺዎቹ ተጠበቀላቸው፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣ አስጋሪ እንዳይቀድማቸው። በ1993 ዓ.ም. ሪፖርቱን ያወጣው የዓለም የግድቦች ኮሚሽን በዓለም ዙሪያ በግድብ የተፈናቀሉትን ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ገምቶ፣ የመጀመሪያ ምክሩን የሕዝብ ተቀባይነት ማግኘት አደረገው።

መናሲሮቹ የጠየቁት ነገር ለጉባ በቀጥታ ይሠራል። ብዙ ሰው ነዋሪን ማሳተፍ ግድቡን ማስቀረት ይመስለዋል። ግድቡ የቆመበት ጠባብ ሸለቆ በተፈጥሮ የተወሰነ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ወዲያ ውሰዱት ማለት አይቻልም። በግድቡ ዙሪያ ግን በነዋሪው ቃል ሊወሰን የሚችል ብዙ ነገር ነበር፤ አሁንም አለ። ነዋሪው ቢጠየቅ ኖሮ አዲሱ መንደር የወደፊቱን የውሃ ዳር ይዞ ይቆም ነበር። ከሸለቆው ወጥቶ ከወንዝ የራቀ የጉሙዝ ቤተሰብ ዓሣውንም ወርቁንም በአንድ ቀን ያጣልና። የትኛው ጎሳ ከየትኛው ጋር እንደሚሰፍር ሽማግሌዎቹ ይናገሩ ነበር፤ የቆየ የደም ቂም ያላቸውን ጎሳዎች በአንድ መደዳ ቤት ማስፈር ምን እንደሚያመጣ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃ የሚተኛበትን ደን የመመንጠር ሥራ ለአካባቢው ወጣት የመጀመሪያ ደመወዝ ይሆን ነበር። መቃብሮች በወጉ ይሰናበቱ ነበር። ከጉባ በደዴሳ ወደ ሆለታ የሚዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከላያቸው የሚያልፍባቸው ቀበሌዎች መብራት የሚያገኙበት ቀን በዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ ነበር። ከእነዚህ አንዱም የግድቡን ከፍታ በአንድ ሜትር አይቀንስም።

በሰላሙ ላይ የደረሰውን ደግሞ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ካማሺና መተከል በግድያና በመፈናቀል ታመሱ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ንጋት ተገደሉ። በዚያ ጊዜ ከመተከል የተፈናቀለው ከ100 ሺህ በላይ ነበር፤ አማራው፣ አገው፣ ኦሮሞው፣ ሺናሻው፣ ጉሙዙም። የታጠቁት ገዳዮች የሠሩትን ወንጀል በመሬት ጥያቄ ማቅለል ነውር ነው። ነገር ግን መሬቱ አራት ጊዜ ያለ ቃሉ የተከፋፈለ አካባቢ ለቅስቀሳ የተመቸ መሆኑን መካድም አይቻልም።

አካባቢው የራሱ የመመካከሪያ ሥርዓት አለው። ጉሙዞች ደም የሚያደርቁበት፣ ባለጉዳዮችን ፊት ለፊት የሚያስቀምጡበት ማንጊማ አላቸው። ሺናሾች ከቤተሰብ እስከ ሕዝብ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ የሽምግልና ችሎት አላቸው፤ ኔሞ። በጉሙዝና በደጋው ገበሬ መካከል ምቹ የሚባል የመሬት መጋራት ወዳጅነት ኖሯል፤ መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬ ያለው በሬውን አምጥቶ አብሮ የሚያርስበት። በበርታው በኩል ሼኮች ቃላቸው ይሰማል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ ግን እነዚህን ሥርዓቶች መንግሥት የሚፈልጋቸው ግጭት ከተነሣ በኋላ ለዕርቅ ብቻ ነው። ግንባታ ሲታቀድ ቢጠሩ ኖሮ መንግሥት ከአዳራሽ የተሻለ ጠረጴዛ ያገኝ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እነዚህ ሸንጎዎች በአብዛኛው የወንዶች ናቸው። የሴቶቹ ስብሰባ ለብቻው ካልተጠራ የወርቁና የዓሣው ነገር እንደገና ይዘለላል።

ጉዳዩ የትናንት ብቻ አይደለም። በአሶሳ ዞን ኩርሙክ ወረዳ፣ በሱዳን ድንበር ላይ፣ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ዲሽ ማውንቴንና አሻሽሬ በተባሉ ሥፍራዎች ትልቅ የወርቅ ማዕድን እየገነባ ነው። ያ ምድር ወርቁ ከጥንት የታወቀ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅን ጦር ወደዚያ የሳበው፣ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ከአሶሳ ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር የከፈሉበት ይኸው ወርቅ ነው። የበርታ ቤተሰቦች ከሰብል ወቅት ውጪ በድስትና በገበቴ ያጥቡታል። ኩባንያው ጉድጓዱን ሲያጥር እነዚህ ሰዎች የት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ በአጥሩ ዲዛይን ላይ እንጂ ከታጠረ በኋላ መነሣት የለበትም። ከህዳሴ ግድብ በላይ ደግሞ ማንዳያ፣ በኮ አቦና ካራዶቢ የተባሉት የግድብ ቦታዎች ከተጠኑ ቆይተዋል። ከእነዚህ አንዱ እንደገና በአስቸኳይ እስኪታወጅ ድረስ ያለው ጊዜ ነዋሪን ለመጠየቅ ትክክለኛው ጊዜ ነው። በሸለቆው ያሉት ቀበሌዎች የመሬት አጠቃቀማቸውን፣ ያረፈ ማሳቸውን፣ የወርቅና የዓሣ ቦታቸውን በራሳቸው ሽማግሌዎችና ሴቶች ተመርተው በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ ወጪው ትንሽ ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ቋንቋውን የሚናገሩ ተማሪዎችም አሉት። እንዲህ ያለ ካርታ በእጁ ያለው ቀበሌ መሐንዲሱ ሲመጣ ባዶ መሬት ሆኖ አይጠብቀውም።

በንጋት ሐይቅ ዳርም ቢሆን ገና አልረፈደም። ዓሣውን ማን ያሰግራል፣ ጀልባ ማን ያሠማራል፣ ማረፊያ ቤት የት ይሠራል የሚለው ገና እየተወሰነ ነው። ጀልባና መረብ ያለው ከሩቅ መጥቶ ቀድሞ እንዳይዝ፣ የተነሡት ቤተሰቦች ቅድሚያ በመመሪያ ሊጻፍላቸው ይገባል፤ ካሪባ ላይ ተደርጎ የታየ ነገር ነው። የሐይቁ ውሃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይወርዳል፤ ሲወርድ የሚገለጠው እርጥብ መሬት ጉሙዞች በዓባይ ዳር ሲያለሙት ከኖሩት መሬት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት ውሃው መቼና እስከ የት እንደሚወርድ በየዓመቱ አስቀድሞ ያሰላል። ያንን ስሌት ከመስከረም በፊት በጉሙዝኛ ለጉባ ቀበሌዎች ቢያደርስ፣ ዳሩ ላይ መዝራት የሚፈልግ ሰው መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚያነሣ ያውቃል።